ከሚሌ ወዲህ

በዲፓርትመንታችን የናሙና ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ባለው ቁም ሣጥን ሦስተኛ መሳቢያ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጫፉ ወደ ጎን የታጠፈ የሻርክ ጥርስ ነው። ሁለተኛው የአንድ ሌላ ጥርስ ፎቶግራፍ ሲሆን ከሥሩ «ከሚሌ ወዲህ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። መሳቢያውን የከፈተ ሰው ሁሉ የሻርኩን ጥርስ አንስቶ ያገላብጣል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ፎቶግራፉን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሁለቱንም እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስለ አንደኛው ሲጠይቁኝ በደስታ እናገራለሁ፤ ስለ ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ቆይቻለሁ። የቡለቲናችን አዘጋጆች ለዚህ እትም ጽሑፍ ስጡን ሲሉ፣ እንግዲህ ጊዜው አሁን ነው ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ልናገር የፈለግሁት ባጭሩ ይህ ነው። የተጣመመ፣ የተሰነጠቀ፣ በተለምዶ «የተበላሸ» የምንለው ቅሪተ አካል ሊናቅ አይገባውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከደህናው ይልቅ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። ነገር ግን ጠማማው የሚናገረው የወደቀበት ቦታ አብሮት ሲኖር ነው። ደህና ጥርስ ቦታው ቢጠፋበት እንኳ ቢያንስ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ይታወቃል። ጠማማ ጥርስ ግን «ለምን ተጣመመ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ የጥያቄው መልስ ደግሞ ግማሹ መሬቱ ላይ ቀርቷል። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ቢሆን ጥሩ ነበር። ያወቅሁት ግን በራሴ ጥፋት ነው።

ከሻርኩ ልጀምር። ጥርሱን የላከችልኝ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። ሙቀቱ ሲጀምር ልጆቿን ይዛ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካልቨርት ክሊፍስ ወደሚባል ቦታ ትሄዳለች። እዚያ ያለው ገደል ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በማዮሲን ዘመን፣ ባሕር ወለል ላይ የተከመረ ደለል ነው። ማዕበሉ ገደሉን ሲሸረሽረው በውስጡ የተቀበረው ጥርስ እየወጣ አሸዋው ላይ ይበተናል፤ ሕዝቡም ወንፊት ይዞ ይለቅማል። ጥርሱ በፖስታ ሲደርሰኝ ደወልኩላት። «ደህና ደህናውን ልጆቹ ተከፋፈሉት። ጠማማውን ማንም አልፈለገውም፤ አንተ የድንጋይ ተማሪ ስለሆንክ ይሁንህ ብዬ ነው» አለችኝ።

ልጆቹ አልፈለጉትም እንጂ፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለውን ጠማማ የሻርክ ጥርስ ብቻ እየመረጡ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እውነትም የሚያስደንቅ ነገር አለው። ሻርክ እንደኛ ሁለት ጊዜ ብቻ ጥርስ የሚያበቅል ፍጡር አይደለም። መንጋጋው ውስጥ ጥርሱ በረድፍ በረድፍ ይበቅላል፤ የፊተኛው ሲወድቅ የኋለኛው እየተገፋ መጥቶ ቦታውን ይይዛል። አንዳንዱ ዝርያ በዕድሜው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ያረግፋል። አጽሙ እንደ ጆሯችን ልም ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ለዘመናት የሚቀረው ባብዛኛው ጥርሱ ነው። እንግዲህ ጥርስ የሚያበቅለው ሥጋ አንድ ቦታ ላይ ከቆሰለ፣ ለምሳሌ የበላው ዓሣ እሾህ ከተሰካበት፣ ከዚያ ቦታ የሚወጣው ጥርስ ተሰንጥቆ ወይም ተጠምዝዞ ሊወጣ ይችላል። ቁስሉ ካልዳነ ቀጣዩም፣ የቀጣዩ ቀጣይም እንደዚያው ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ካሮላይና ተመራማሪዎች ሁለት ጥርስ ተጣብቆ የበቀለ የሚመስል አንድ የሜጋሎዶን ጥርስ ከሌሎች ሻርኮች ጠማማ ጥርሶች ጋር አነጻጽረው ጥናት አሳትመው ነበር። ሻርኩ ሲበላ ያገኘው ጉዳት ለዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። አስቡት እስቲ፤ አንድ ሻርክ አንድ ቀን ምሳው ላይ የገጠመው አደጋ ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ ይነበባል ማለት ነው።

ታዲያ የአክስቴ ልጅ ጥርስ መልቀሟ ጥፋት ነው ወይ? አይደለም። በዚያ ፓርክ ዳርቻው አሸዋ ላይ የተገኘውን ጥርስ መውሰድ ይፈቀዳል፤ ገደሉን መቆፈር ነው የተከለከለው። በፍሎሪዳም የአከርካሪ እንስሳት ቅሪተ አካል ለመሰብሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሻርክ ጥርስ ግን ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። በበኩሌ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሻርኩ በሕይወት ሳለ ጥርሱን ሲዋኝ ጥሎታል፤ ውኃው ወስዶታል፤ ኋላም ማዕበል ከገደሉ አውጥቶ አሸዋ ላይ አንከባሎታል። ልጆቹ ሲያገኙት አድራሻውን ካጣ ቆይቷል። ብዛቱም እጅግ ነው። ገበያ ላይ እንኳ ከሞሮኮ ፎስፌት ማውጫዎች፣ በተለይ ከኩሪብጋ አካባቢ፣ የሚወጣው የሻርክ ጥርስ በርካሽ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ከሌላ ጥርስ ሥር ጋር በማጣበቂያ ተገጣጥሞ ደህና መስሎ ይሸጣል። ጥፋቱ የተጀመረው እኔ ይህን የባሕር ዳር ልማድ ይዤ ወደ አዋሽ ሸለቆ የወረድኩ ቀን ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን፣ ጥር ወር ላይ፣ እንደ ወትሮው የመስክ ጉዞ ወጣን። መንገዳችን በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ፣ በሰመራ አድርጎ ሰርዶ ላይ ወደ አፍዴራ የሚታጠፈው ነበር። ከጉዞው በፊት በተሰጠን ማብራሪያ ቀይ ባሕር ከ120 ሺህ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ወደ ደናክል ዝቅታ ገብቶ እንደነበርና የኮራል ድንጋዩ እስከ ዛሬ ዳር ዳሩን እንደሚታይ ተነግሮን ስለነበር፣ «ማን ያውቃል፣ የሻርክ ጥርስ ላገኝ እችላለሁ» የሚል ጉጉት ይዤ ነው የተሳፈርኩት። የአክስቴ ልጅ ጥርስ ልቤን ሰርቆት ነበርና።

ሚሌን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የአውቶቡሳችን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪክና ስኮርታ አውርደው ሥራ ሲጀምሩ እኛ ከመንገዱ ዳር ተበተንን። ሙቀቱን የወረደ ያውቀዋል፤ ጥር ነው እንጂ ጥር አይመስልም። አንዲት የተሸረሸረች ኮረብታ ሥር ለሽንት ዞር ባልኩበት አንድ ነገር አየሁ። የጣቴን ያህል የሚረዝም፣ ቡናማ፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነገር። ብድግ አደረግሁት። ጥርስ ነው! ያውም ጠማማ! ለሻርኩ ጥርስ ጓደኛ አገኘሁለት ብዬ ኪሴ ከተትኩት። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ፣ የከተትኩት ስልኬ ባለበት ኪስ ውስጥ ነበር። ስልኩን አውጥቼ ሁለት ፎቶግራፍ ለማንሳትና የቦታውን መለኪያ ለመያዝ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አላደረግሁትም። «ኑ፣ ተሳፈሩ» ተባለ፤ ተሳፈርን።

ሰርዶ ስንደርስ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። ያኔ ነው ደረቴን ነፍቼ ጥርሱን ለመምህራችን ያሳየሁት። እያገላበጡ አዩትና «የጉማሬ ክራንቻ ይመስላል፤ ግን እንዲህ አይጠመዘዝም። የት ነው ያነሳኸው?» አሉኝ።

«ከሚሌ ወዲህ ነው፣ መምህር።»

«ከሚሌ ወዲህማ እኔም አለሁ፤ ይሄ ሻይ ቤትም አለ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ኮረብታው ላይ ነው ሜዳው ላይ? መሬት ላይ ተኝቶ ነው ወይስ ከደለሉ ውስጥ ብቅ ብሎ? ከበላዩ ነጭ የእሳተ ገሞራ አመድ ነበር? አጠገቡ ሌላ አጥንት አላየህም? ጎማው ከፈነዳበት ቦታ በስተቀኝ ነው በስተግራ? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው የሚያዳምጡ አንድ አፋር ሽማግሌ እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ እንደሚለዋወጡ ሰምታችኋል። ምን አየህ፣ የት አየህ፣ መቼ አየህ ተባብለው፣ እያንዳንዱ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። እኔ ያመጣሁት ወሬ በዳጉ ሚዛን ወሬ የሚባል አልነበረም።

ከዚያ መምህራችን ጥርሱን ከሻይ ብርጭቋቸው አጠገብ አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ይህ ጥርስ በሦስት መንገድ ሊጣመም ይችላል። አንደኛው፣ እንስሳው በሕይወት ሳለ ጥርስ የሚያበቅልበት ቦታ ተመትቶ ወይም ታሞ ከሥሩ ጠማማ ሆኖ መብቀል ነው፤ የሻርኩ ጥርስ ታሪክ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ደህና በቅሎ ትይዩው ጥርስ ሲሰበር የሚመጣ ነው። የጉማሬ ክራንቻ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ የላይኛውና የታችኛው እየተፋጩ ነው የሚሞረዱት፤ አንዱ ከሌለ ሌላው የሚገታው አጥቶ ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል። ሦስተኛው፣ እንስሳው ከሞተ በኋላ ምድር ራሷ ያደረገችው ሊሆን ይችላል። የደለሉ ክብደት ይጫነዋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ሸክላ አፈር ገብቶ ሲረጥብ እያበጠ ሲደርቅ እየተኮማተረ ይገፋዋል። «ይቺ ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈራረሰች ከተማ ናት። ከተማ የምታፈርስ ምድር አንድ ጥርስ ማጣመም አያቅታትም» አሉ።

ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? የዚያው መንጋጋ ሌሎች ጥርሶች ከተገኙ አንደኛው ይጣራል። ትይዩው ጥርስ ከተገኘ ሁለተኛው ይጣራል። በዚያው ንብርብር ውስጥ ያሉ ሌሎች አጥንቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጨፍልቀው ከታዩ ጥፋተኛዋ ምድር ናት። ሦስቱም ማስረጃዎች ያሉት ኮረብታዋ ሥር ነው። ኮረብታዋ የት ናት? ከሚሌ ወዲህ።

ይህ ጥያቄ የእኔን የጉማሬ ጥርስ ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። ድንቅነሽን ውሰዱ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ ስታገኙዋት ብሎ የጠበቃቸው አልነበረም፤ መጀመሪያ ያዩት አንዲት የክርን አጥንት ስብርባሪ ነበር። ስብርባሪዋን ኪሳቸው ከትተው ቢሄዱ ኖሮ ድንቅነሽ ዛሬ አንድ የክርን አጥንት ነበረች። ቦታውን ይዘው ተመልሰው፣ የተዳፋቱን አፈር ለሳምንታት በወንፊት እየነፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ሰበሰቡ፤ ከሙሉው አጽም 40 በመቶ ያህሉ ተገኘ።

ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ላይ፣ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጆን ካፐልማንና ባልደረቦቻቸው የድንቅነሽን አጥንት ስብራት መርምረው «ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» የሚል ጥናት አሳተሙ። ጆሃንሰንና ቲም ኋይት ግን አልተቀበሉትም። እንዲህ ያለው ስብራት በሌሎች እንስሳት ቅሪተ አካል ላይም የሚታይ፣ ከሞት በኋላ የሚመጣ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ማን ትክክል እንደሆነ መፍረድ የኔ አቅም አይደለም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ክርክሩ ራሱ ሊኖር የቻለበትን ምክንያት ነው። በሕይወት ሳለች ነው የተሰበረችው ወይስ ከሞተች በኋላ ብሎ ለመጠየቅ፣ አብረዋት የተገኙትን፣ በዚያው አፈር የተቀበሩትን አጥንቶች ማነጻጸር ያስፈልጋል። ከ40 ዓመት በኋላ የሚነሳ ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ የመጀመሪያው ቀን ማስታወሻ መያዝ ነበረበት።

ቲም ኋይት ቀደም ሲል፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ኬንያ ውስጥ ስለተገኘው «ኬንያንትሮፐስ» ተመሳሳይ ጥያቄ አንስተው ነበር። የራስ ቅሉ ጠፍጣፋ ፊት የአዲስ ዝርያ ምልክት ነው ወይስ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ስንጥቆች ውስጥ የገባ አፈር ለጥጦት ነው የሚል። አዩ፣ አንድ የተጣመመ አጥንት አዲስ የሰው ዘመድ ሊያስገኝም ሊያሳጣም ይችላል! የአራሚሷ አርዲም የራስ ቅሏ ተጨፍልቆ ስለነበር ገን ሱዋ በሲቲ ስካን አንስተው ቁርጥራጮቹን በኮምፒዩተር አንድ በአንድ መልሰው ገጣጠሟቸው። የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ ለዓለም የተዋወቀችው በ2002 ዓ.ም. መባቻ ሲሆን፣ የአጽሟ ቁፋሮ ከተጀመረ 15 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ጥርስ ብቻውን ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ የአርዲ ዝርያ ታሪክ የተጀመረው በጥርስ ነው። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ገን ሱዋ አራሚስ ላይ መሬት ላይ ያዩት አንድ የመንጋጋ ጥርስ ነበር። በ1993 ዓ.ም. በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሰላም ዕድሜዋ የታወቀው ገና ከድድ ባልወጡ ጥርሶቿ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ስትሞት 2.4 ዓመት እንደነበረች አስልቷል። ቻላቸው ሥዩም በ2005 ዓ.ም. ሌዲ ገራሩ ላይ ያገኙት 2.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው መንጋጋ አምስት ጥርሶች ነበሩበት። በዚያው በሌዲ ገራሩ የተገኙ 13 ጥርሶች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ታትሞ፣ ከ2.6 እስከ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ሁለት ዓይነት የሰው ዘሮች በአንድ አካባቢ እንደነበሩ አሳይቷል። አሥራ ሦስት ጥርስ! በአንድ ጎረምሳ እፍኝ የሚገባ ነገር ነው። ዕድሜያቸውን የነገረን ግን ጥርሶቹ አልነበሩም፤ ከበላያቸውና ከበታቻቸው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ሰው እንደ ሻርክ አይደለም። 20 የወተት ጥርስ፣ 32 የአዋቂ ጥርስ፣ በቃ። አንዱ ኪስ ውስጥ ከገባ የሚተካው የለም።

ከጓደኞቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ሁለት ተቃውሞ ደጋግሞ ይነሳል። የመጀመሪያው፣ «ብንተወው እኮ በሚመጣው ክረምት ጎርፍ ይወስደዋል፤ ወይም ፍየል ይረግጠዋል» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። አጥንቱን የሚያወጣልን ጎርፍ አጥንቱን ያጠፋዋልም። ስለዚህ ዝም ብለን እንለፈው አልልም። ፎቶግራፍ አንስተን፣ መለኪያውን መዝግበን፣ ለሚመለከተው አካል እናሳውቅ ነው የምለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅሪተ አካልን ከቅርስ ቆጥሮ፣ ያለ ፈቃድ መሰብሰብን ከልክሎ፣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ነው የደነገገው። ሕጉን ሦስተኛ ዓመት ደርሼ አለማንበቤ ሌላው ነውሬ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ትንሽ ይከብዳል። «ፈረንጁ ስንት አጥንት ሲወስድ እኛ የአገሩ ልጆች አንዲት ጥርስ ብናነሳ ምን አለበት?» ይላሉ። የቁጭቱ ምንጭ ይገባኛል። ነገር ግን ባለቤትነት በኪስ አይረጋገጥም። ብርሃነ አስፋው፣ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ ዘረሰናይ፣ ቻላቸው የዚህን አገር ስም ያስጠሩት የት፣ በየትኛው ንብርብር፣ ከምን ጋር ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ ይዘው በመቅረባቸው ነው። ኪሴ የገባችው ጥርስ ከፈረንጅም፣ ከአገሬም፣ ከአፋርም፣ ከእኔም ጠፍታለች።

እንግዲህ ነገሬን ላጠቃልል። በመልሳችን ሰመራ ላይ መምህራችን ይዘውኝ ሄደው ጥርሱን ለሚመለከተው ቢሮ አስረከብን። ተቀባዩ በትሕትና አስተናገዱን፤ የምሞላው ወረቀት ሰጡኝ። «የተገኘበት ቦታ» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ «ከሚሌ ወዲህ» ብዬ ጻፍኩ። መሳቢያችን ውስጥ ያለው ፎቶግራፍም ያንኑ ይዟል። ይባስ ብሎ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ሰመራ ሆኖ ለጻፈው ሰው «ከሚሌ ወዲህ» ማለት ከሚሌ እስከ ሰመራ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያነበው ግን ከሚሌ እስከ አዋሽ ማለት ነው። ጥርሱን ከቦታው ማንሳቴ ሳያንስ በተቃራኒው አቅጣጫ ወስጄዋለሁ! ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፉ ጀርባ ላይ «ጸሐፊው ሰመራ ሆኖ የጻፈው» ብዬ ጨምሬበታለሁ። ያም ቢሆን በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር መንገድ ነው።

ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከየመስክ ጉዞው በፊት መዶሻና ኮምፓስ አያያዝ እንደምንማረው ሁሉ፣ አጥንት ወይም ጥርስ ያየ ተማሪ ምን ማድረግ እንዳለበት ግማሽ ሰዓት ይሰጠን። ሁለተኛ፣ ጠማማ ጥርስ ማየት ለምንፈልግ (እኔን ጨምሮ) አፋር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ቄራና ሥጋ ቤት የሚጣለው የፍየልና የበግ መንጋጋ ሞልቷል። ታች ያለው ጥርስ ሲወልቅ ትይዩው እንዴት እንደሚረዝም፣ ድዱ የታመመው እንዴት እንደሚጣመም በዓይናችን እናያለን። ቀቅለን፣ አጽድተን፣ የገዛንበትን ቀንና ቦታ ጽፈን ብንደረድረው በሁለት ሴሚስተር የራሳችን የጠማማ ጥርስ ስብስብ ይኖረናል። ያንን ያየ ዓይን መስክ ላይ ጠማማውን ሲያገኝ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ሦስተኛ፣ ያ ፎቶግራፍ ከመሳቢያው ይውጣና ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ስሜ ከሥሩ ቢጻፍም ቅር አይለኝም።

ሰርዶ ላይ ከሻይ ስንነሳ መምህራችን በመስኮት ወደ ሜዳው እያዩ አንድ ነገር አሉ። ይህ አካባቢ በሚሌና በሰርዶ መካከል ለዱር አህያ የተከለለ ነው፤ የአፍሪካ የዱር አህያ በዓለም ላይ ከጥቂት ቦታዎች በቀር የለም፣ ከእነዚያ አንዱ እዚህ ነው። «አህያ እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች ይባላል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «የዚህ አገር አህያ እንኳ እንዲህ ብትል ኖሮ እስከ ዛሬ ባልተረፈች።» ያን ጊዜ ተረቱ የተጣለው ለእኔ መሆኑ የገባኝ አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ከኔ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሊያነበው የሚችለውን ነገር ለጌጥ ብዬ ኪሴ ከትቼ ነበርና።

በሚቀጥለው ጥር የምትወርዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ያ መንገድ ሙቀት ነው፤ ጎማ መፈንዳቱ አይቀርም። ዞር ዞር ስትሉ ጠማማ ነገር ካያችሁ ጎንበስ በሉና በደንብ እዩት። ከዚያ ከኪሳችሁ ስልካችሁን አውጡ። ኪሳችሁ ባዶውን ይቆይ።